የሐይቁ መምህር አባ ኢየሱስ ሞዐ



ባለፈው ወር በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኛ ከውጫሌ ልጆች የአንዱ ታላቅ ወንድም የታሪክ መምህር ነው። ማስተማሩን ለጊዜው ትቶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ በታሪክ ምርምር ሊያደርግ መወሰኑን ላከበት። ግማሾቻችን ደስ አለን። ግማሾቹ ግን ሳቁ። ታሪክ እኮ ያለፈ ነገር ነው፤ ያለፈውም ተጽፎ አልቋል፤ ታዲያ ሰውየው ደመወዙን ጥሎ ምን ሊፈልግ ነው የሚሄደው የሚል ነበር የሳቃቸው ምክንያት።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አላገኘንም። ቆይተን ስናስበው ግን በአፍ ከመከራከር የአንድ ሰው ሕይወት መተረክ ይሻላል አልን። እኒህ ሰው ካረፉ ከ700 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የተወለዱት ሌላ አገር ቢሆንም ዕድሜያቸውን ያሳለፉትና የተቀበሩት እኛ ከውጫሌ ወደ ደሴ ስንመጣ በአውቶቡሱ መስኮት በግራ በኩል ከምናየው ከሐይቅ ውሃ ውስጥ ነው። መምህርም ነበሩ፤ እንደ እኛ። በጽሑፋችን የሚገኘው ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጁን ስንጠቅስ እንናገራለን።

አባ ኢየሱስ ሞዐ የተወለዱት በ1206 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዘመኑ የዛጉዌ ነገሥታት ዘመን፣ በተለይም የንጉሥ ላሊበላ ዘመን ነበር። ገድላቸው እንደሚተርከው አባታቸው ዘክርስቶስ፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ፤ አገራቸውም ዳህና ነው። ስለ ልጅነታቸው ገድሉ ከሚለው በቀር የሚታወቅ የለምና እዚህ ላይ አንዘገይም።

ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ቤታቸውን ትተው ወደ ሰሜን፣ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ትዳር የያዘ፣ ልጅ የወለደ፣ ሙሉ ሰው ነው። እሳቸው በዚህ ዕድሜ ነው እንግዲህ ተማሪ ለመሆን የተነሡት። ደብረ ዳሞ ዙሪያውን ገደል የሆነ አምባ ነው፤ ዛሬም ቢሆን የሚወጣው በገመድ ተንጠልጥሎ ነው። ገዳሙን የመሠረቱት በስድስተኛው መቶ ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አባ አረጋዊ ናቸው። ኢየሱስ ሞዐ ሲደርሱ አበምኔቱ አባ ዮሐኒ ይባሉ ነበር። እኚህን አባት እያገለገሉ፣ ምንኩስናውንም ትምህርቱንም እየተቀበሉ ለዓመታት ቆዩ።

ከተማሩት ሁሉ በኋላ ለእኛ አገር የጠቀመው የጸሐፊነቱ ሙያ ነው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ መጻፍ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይነከራል፣ ተወጥሮ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ በልክ ይቆረጣል፣ መስመር ይሰመርበታል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይበጠበጣል፤ ቀዩ ለብቻው ነው። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ተብሎ ፊደል በፊደል የሚጻፈው። ለአንድ ወንጌል የሚታረደውን መንጋና የሚፈጀውን ወር ቁጠሩት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ገጽ የትምህርት ዕቅድ በእጅ ጻፉ ተብለን ያጉረመረምን ሰዎች ይኼን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

በ1240 ዓ.ም. አባ ኢየሱስ ሞዐ ደብረ ዳሞን ትተው ወደ ደቡብ መጡና ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገቡ። ቦታው ያን ጊዜ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በስተአንድ በኩል ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። (ሴቶች ግን አይገቡም። ባለፈው ዓመት ለጉብኝት በሄድን ጊዜ ሴቶች ጓደኞቻችን ከውጭ ቀርተው ጠብቀውናል፤ ቅሬታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም።) ቤተ ክርስቲያኑ ከእሳቸው በፊትም ነበር። ትውፊቱ ንጉሥ ድልነዓድ ካሠራቸው አንዱ ነው ይላል። እሳቸው ግን ስፍራውን የትምህርት ቤት አደረጉት።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ ብትሉ መልሱ መንገዱ ነው። በዚያ ዘመን የአማራ ወይም የሸዋ ልጅ ከፍ ያለ ትምህርት ቢፈልግ ወደ ሰሜን፣ ወደ አክሱምና ወደ ደብረ ዳሞ መጓዝ ነበረበት። ስንቅ ተሸክሞ፣ በረሃና ገደል አቋርጦ፣ ከማያውቀው አገር መግባት ማለት ነው። ብዙው ሰው አይደርስም። አባ ኢየሱስ ሞዐ የዳሞን ትምህርት ወደ ሐይቅ ሲያመጡ የመንገዱን ርቀት በግማሽ አሳጠሩት። በመምህርነት ሙያ ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ አለ? የሐይቅ ገዳም ያደገው በዚሁ ነው ማለት ይቻላል። ከየአቅጣጫው ተማሪ መጣ፤ የተማረውም ተመልሶ በየአገሩ ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ። ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን እንደመሠረቱ ይነገራል። የገዳሙ ስም ራሱ የሐይቁን ስም ይዞ ጣና ላይ መገኘቱን ልብ በሉ።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስማቸው የገነነው ግን ከሸዋ የመጡት ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ሐይቅ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጠው ተማሩ፤ ከዚያም የመምህራቸውን ዱካ ተከትለው ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። ወደ ሸዋ ሲመለሱም ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው።

ታዲያ ጥያቄው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በደብረ ሊባኖስ ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ቅናቱን ተቀበሉ፤ ቆቡንና አስኬማውን ግን ከዳሞው አባ ዮሐኒ ከተቀበሉ በኋላ ሲመለሱ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ ሰጧቸው ይባላል። እንግዲህ ተማሪው የመምህሩ መምህር ሆነ ማለት ነው። የሐይቅ ሰዎች ይኼን እንዴት ይቀበሉት? በሐይቅ በኩል አባትየው ኢየሱስ ሞዐ፣ ልጅየው ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ክርክሩ ለውጭ ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከገዳም ገዳም ማን ይበልጣል፣ ማን በማን ላይ ይሾማል የሚለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነበርና ትንሽ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህም ይበልጣል። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ አሸንፈው ነገሡ። እኛ በትምህርት ቤት ስንሰማ ያደግነው መንግሥቱ እንዲመለስ የረዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፣ በዚህም ለቤተ ክርስቲያን ሲሶ መንግሥት ተሰጠ የሚለውን ነው። የሐይቁ ገድል ግን ንጉሡን በጸሎትም በምክርም የረዱት፣ ቃል ኪዳንም የተገባላቸው አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው ይላል። አንድ መንግሥት፣ ሁለት ባለውለታ! ውጫሌ አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎች የሐይቁን ይናገራሉ፤ የሸዋ ልጅ የሆነው የክፍላችን ጓደኛ ደግሞ ይኼን ሲሰማ ቱግ ብሎ ተነሣ። ነገ ክፍል ገብተን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ቢጠይቀን እኛ የቱን ልንመልስ ነው? ለአባታችን አገር የሚያደላውን? ወይስ መጽሐፉ ላይ ያገኘነውን?

የምርምር ትምህርት የሚያስፈልገው እንዲህ ካለው ቦታ ላይ መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው።

የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሕይወት ወደ እኛ የደረሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ገድላቸው ነው። ገድሉ ብዙ ይተርካል፤ ነገር ግን የተጻፈው እሳቸው ካረፉ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ይዘው በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበራቸው። ስለዚህ የገድሉ ጸሐፊ የገዳሙን ክብር የሚያስጠብቅ ነገር ቢጽፍ አይገርምም። ሐሰተኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ በማን ቤት፣ መቼ፣ ለምን ተጻፈ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ማለታችን ነው።

ሁለተኛው ወንጌላቸው ነው። በ1273 ዓ.ም. አባ ኢየሱስ ሞዐ አንድ የብራና ወንጌል ለገዳሙ ሰጡ። ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ አለ። በውስጡ የራሳቸው ሥዕል አለበት፤ በሕይወት ሳሉ የተሣለ መሆኑ ነው ተመራማሪዎችን የሚያስደንቀው። ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ ደግሞ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና ልዩ ልዩ ማስታወሻዎች ተጽፈዋል። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ገድሉ ተአምር ሲተርክልን ይህ ግን እንደ ንብረት ክፍል መዝገብ ዕቃ ይቆጥራል። ለታሪክ ተመራማሪ አንዳንድ ጊዜ ከተአምሩ ይልቅ የዕቃው ዝርዝር ይናገራል። አንድ መምህር በዘመኑ ምን አነበበ፣ ተማሪዎቹ ምን ያስተምራቸው ነበር የሚለው የሚገኘው ከዚያ ነው።

ሆኖም ወንጌሉም ቢሆን በዝግታ ነው የሚነበበው። ማስታወሻዎቹ ሁሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዘመን የተጻፉ አይደሉም። ባዶ ቦታ ያገኘ የኋላ ዘመን ሰው ስለ ርስት፣ ስለ ስጦታ፣ ስለ ሥርዓት ጨምሮበታል፤ አንዳንዱም የቀድሞ ንጉሥ ስም እየጠራ ይጽፋል። ስለሆነም ተመራማሪው የፊደሉን ቅርጽ አይቶ፣ የአጻጻፉን ልማድ ከሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያይቶ ይህ የ1273 ነው፣ ይህ ግን ከዚያ ወዲህ ነው እያለ መለየት አለበት። ይህን ሥራ በሁለት ሳምንት የሚጨርስ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን።

አባ ኢየሱስ ሞዐ ያረፉት ኅዳር 26 ቀን ነው፤ ዓመቱም 1285 ዓ.ም. ገደማ ነው። አበምኔት ሆነው 45 ዓመት ያህል ኖረዋል። በዓላቸው እስከ ዛሬ በዚሁ ቀን ይከበራል።

ከእሳቸው በኋላ ሐይቅ ብዙ አይቷል። በ1520ዎቹ የኢማም አህመድ ጦር እስከ ሐይቁ ዳር ደረሰ፤ የገዳሙንም ሀብት ወሰደ። ይህን በዝርዝር የጻፈልን ከኢማሙ ወገን የነበረው ሺሃብ አድዲን፣ በተለምዶ ዓረብ ፈቂህ የሚባለው፣ ፉቱህ አል ሐበሻ በተባለው የዓረብኛ መጽሐፉ ነው። በእኛ ቡድን ውስጥ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም አለን፤ ወሎ ነውና። ስለ አንድ ሐይቅ ግእዙም ዓረብኛውም መጻፉን ስንሰማ ሁላችንም ደስ አለን፤ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። ወንጌሉ ግን ከዚያ ሁሉ ተርፎ ቆየ።

አሁን ወደ መኝታ ቤታችን ክርክር እንመለስ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገድል በአውሮፓ ታትሞ የወጣው በፈረንጆች 1965 ነው፤ ያዘጋጀው ስታኒስላስ ኩር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ኢትዮጵያዊ ታደሰ ታምራት በለንደን ዩኒቨርሲቲ፣ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ውስጥ ለዶክተርነት ይመራመሩ ነበር። ጉዳያቸው ከይኩኖ አምላክ እስከ ልብነ ድንግል ድረስ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ምን ግንኙነት ነበራቸው የሚለው ነው። ጥናቱን በፈረንጆች 1968 ፈጸሙ፤ በ1972 በኦክስፎርድ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በመካከሉ በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ለብቻው አንድ ጽሑፍ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሳተሙ፤ የሚጀምረውም አባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ ከገቡበት ዓመት ነው። ከላይ ስለ መንገዱ ማጠር የተናገርነው የእሳቸው ትንተና ነው፤ የእኛ አይደለም። እኛ በልጅነታችን በሐይቁ ዳር ስናልፍ ዓሣውን እንጂ ይኼን አላየንም።

በፈረንጆች 1973 ደግሞ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚህ ስብስብ ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዘገበ፤ የፊልሙም ቅጂ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ይገኛል። ይህን ስብስብ ለዓመታት ተቀምጠው መርምረው ዝርዝሩን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በአገር ውስጥም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል፤ የታሪክ ተመራማሪ ለመሆን ለንደን መሄድ ግድ መሆኑ ቀረ። መንገዱ እንደገና አጠረ ማለት ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ እንዳሳጠሩት።

የራሳችንን ከተማ ሳናነሣ ብናልፍ ደግሞ ያስወቅሰናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛውና በጣልያንኛው ልዩነት እንዳለው ማንም ተማሪ ያውቃል፤ ዐድዋም ከዚያ የመጣ ነው። ግን ልዩነቱ እንዴት ገባ? ማን ያውቅ ነበር? ይህን በአዲስ አበባ ያስተምሩ የነበሩት ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን ደብዳቤዎቹን ሁሉ አገላብጠው መርምረው በፈረንጆች 1964 ጽሑፍ አወጡ፤ ተጠያቂነቱንም በጣልያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ ላይ አሳዩ። ካርሎ ጂሊዮ የተባሉት ጣልያናዊ የታሪክ ምሁር ተቃወሟቸው፤ እሳቸውም መልሰው ጻፉ። ውሉ ከተፈረመ ከ75 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ተጽፎ አልቋል ያልነው ነገር በሁለት ምሁራን መካከል ገና ይጦፍ ነበር።

ስለ ይኩኖ አምላክ ባለውለታ የተነሣው ጥያቄ ምን ላይ ደረሰ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛ ካነበብነው የተረዳነው ይህን ነው። ንጉሡ ከነገሡበት አገር ቅርበት አንጻር የሐይቁ መምህር ግንኙነት የበለጠ ሚዛን ይደፋል፤ የተክለ ሃይማኖት ስም በዚህ ጉዳይ የገነነው ደብረ ሊባኖስ ከኃያላን ገዳማት አንዱ ከሆነ በኋላ ነው። ሲሶ መንግሥት የተባለው ግን በሁለቱም በኩል የቆየ ሰው ከጻፈው በላይ የሚያስረዳልን ማስረጃ አላየንም። የሸዋው ጓደኛችን በዚህ አልተስማማም። መልሱን ለሚቀጥለው እትም እጽፋለሁ ብሏል፤ ቦታ ጠብቀንለታል።

የውጫሌው መምህርም ትምህርቱን ጀምሯል። ወንድሙ እንደነገረን የመጀመሪያ ችግሩ ግእዝ ሆኗል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደ ፊደል ቆጣሪ እንደገና ሀ ብሎ መቁጠሩ እያሳቀው ነው። እኛ ዘንድ ከቄስ ትምህርት ቤት ግሥ የተማረ አንድ ልጅ አለ፤ ቁርኣን ቤት የቆየና ዓረብኛ ፊደል አጥርቶ የሚያነብ ሌላ ልጅም አለ። ሁለቱ ተስማምተው ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ከምሳ በኋላ በቁጥር 4 መማሪያ ክፍል አንድ አንድ ሰዓት ሊያስተምሩን ነው። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ፤ ጠመኔ ግን የለንምና የተረፈው መምህር ካለ ያበድረን።